ከሶኬት እስከ ስፒከር

አምፕሊፋየሩ አልበራ ያለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሶኬት እንደ ልማዱ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸክላውን ከማቀፊያው አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገና ማጫወቻው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ተጫነ። ቀጭ አለ። ከቀጭታው ሌላ ምንም የለም። ፊቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት አልበራችም። ደግሞ ተጫነ። በሦስተኛው ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው ዛሬ ዝም አለ?»

«አልነሳም አለኝ።»

«አርጅቶ ነዋ፣ እንደ ባለቤቱ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ሶኬት የእናት የአባት ስሙ አይደለም። ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም «ጋሽ ሶኬት» ይለዋል፣ እሱም «አቤት» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ስፒከር ይባላል። ስሞቹ የወጡት ሁለቱ በጉርምስናቸው ከከፈቱት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ነው። ሱቁ ለአንድ ሰውም የሚጠብ ስለነበረ ሥራውን እንደ እርሻ ድንበር አበጅተውለት ተካፈሉት። ከግድግዳው ሶኬት ተነስቶ ገመዱ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያው፣ እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ ያለው የታላቅየው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ኮንደንሰሩም ትራንዚስተሩም እስከ ስፒከሩ ድረስ፣ የታናሽየው። አንዱ የሌላውን ድንበር አይነካም። ታናሽየው ለምሳ ወጥቶ ደንበኛ ቢጣደፍ እንኳ፣ ሶኬት ሬዲዮውን ከፍቶ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ ወዲያ መሆኑን ካወቀ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ጌታው፣ ይሄ የወንድሜ አገር ነው» ይላል። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ንቅንቅ የለም።

ጠባያቸውም እንደ ሥራቸው ነበር። ሶኬት ዝምተኛ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ከተቀመጠ የግድግዳው ዕቃ ይመስላል። ስፒከር ግን ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሲናገር መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መልስ ይሰጠዋል።

አምፕሊፋየሩን የሠሩት ያኔ ነው። ለራሳቸው የሠሩት የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ነበር። ትራንስፎርመሩን ሶኬት ሽቦውን በእጁ እየቆጠረ ጠመጠመው፣ የድምፁን ክፍል ስፒከር ከወዳደቁ ሬዲዮዎች ለቃቅሞ ገጣጠመው። ሳጥን ሲቸግራቸው የእናታቸውን የቁም ሳጥን በር ነቅለው ቆረጡት። እናትየው ከሥራ ተመልሳ ልብሷ ለዓለም ሁሉ ተጋልጦ ስታገኘው ጉድ ፈላ፤ ለሳምንት ያህል ሁለቱንም አላናገረቻቸውም። ግቢው መሃል አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጮሁት ቀን ግን ወገቧን ይዛ ቆማ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ይሁን፣ በሩስ ሄደ፤ ልብሴም አብሮን ዘፈን ይስማ» አለች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሰው አይችልም ነበር። የጎረቤት ልጃገረዶች በአጥር ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ ዛሬ ከጓዳ ብቅ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከእነሱ አንዷ ናት። አጥሩን ትታ ወደ ቤት የገባችው አምፕሊፋየሩን ወዳ ይሁን ሶኬትን ወዳ እስከ ዛሬ አጥርታ አልተናገረችም።

ጠቡ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ሁለቱም የልጆች አባት ከሆኑ በኋላ ነው። ሶኬት ጥርሱን ሲያመው ባደረበት በአንድ ክፉ ጠዋት፣ አንድ ደንበኛ ቴፑን ሊወስድ መጥቶ፣ «ያ ወንድምህ የት ሄደ? ያለ እሱ እኮ ይሄ ሱቅ ድዳ ነው» አለው። ሰውየው ለጨዋታ ነው። ሶኬት ግን ጥርሱም ልቡም ቆጠቆጠውና፣ «እኔ ኃይል ባልሰጠው እሱ ምን አፍ አለው? ከሚለፈልፈው ግማሹ ጩኸት ነው» ብሎ መለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስፒከር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ወሬኛ አንድ ቃል ሳይናገር ገብቶ መሣሪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

ሶኬት «ታላቅ እኔ ነኝ፣ እሱ ይምጣ» ብሎ ጠበቀ። ስፒከር «የተሰደብኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ይምጣ» ብሎ ጠበቀ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ምላጩን ውጠው ከሃያ ዓመት በላይ በሆዳቸው ይዘውት ዞሩ።

የሚያስቀው ታዲያ፣ ተጣሉ እንጂ ሥራውን አልተጣሉትም። ስፒከር ከገበያው ጀርባ የራሱን ሱቅ ቢከፍትም ድንበሩ እንዳለ ቀጠለ። ገመዱ የተቃጠለ ወይም ትራንስፎርመሩ የሞተ ሬዲዮ ሲመጣለት፣ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ እዚያኛው ሱቅ ውሰዱት» ይላል። ሶኬትም ኃይሉ ደህና ሆኖ ድምፅ የሌለው ሲያገኝ፣ «ከገበያው ጀርባ ላለው ሰውዬ» ይላል እንጂ «ወንድሜ» አይልም። ደንበኛው ከተማውን በሙሉ አቋርጦ ሬዲዮውን ይሸከማል፣ ሁለቱንም ይራገማል፣ ግን ይሄዳል፤ እነሱ ግማሽ በግማሽ የሠሩት ዕቃ ዳግም አይበላሽማ።

ሶኬት የወንድሙን ሁኔታ ያነብ የነበረውም ከእነዚያ ሬዲዮዎች ነው። ብየዳ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የማን እንደሆነ ያስታውቃል። የስፒከር ብየዳ እንደ ምስር ክክ ትንሽ፣ ክብና የሚያብረቀርቅ ነበር። ሶኬት የመጣለትን ሬዲዮ ሲከፍት የራሱን ክፍል ከማየቱ በፊት በወንድሙ ድንበር ዓይኑን ያዞር ነበር፤ ማየት መንካት አይደለም። አንድ ክረምት ብየዳው ተዝረክርኮ መጣ። ሌላ ሬዲዮ ሲመጣም ያው። ሶኬት ሚስቱን፣ «እስኪ ሄደሽ ጠይቂው። እኔ እንደላኩሽ እንዳትነግሪው» አላት። ስትሄድ ሳንባ ምች ጥሎት አገኘችው። ከወር በኋላ ምስሮቹ ተመልሰው ክብ ሲሆኑ ሶኬት ቤቱ ሲገባ ያፏጭ ነበር። በኋላ በኋላ ደግሞ ምስሮቹ ወደ ሽምብራ ተጠጉ፤ ያኔ የወንድሙ ዓይን እንደ ደከመ አወቀ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ሰው ሬዲዮውን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ የተበላሸ ይጥላል እንጂ አያሠራም። ለሶኬት የሚመጣለት ካውያና የውሃ ማፍያ ብቻ ሆነ፤ እነሱ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሱ ድንበር ናቸው፣ የማንም እጅ አይታይባቸውም። ሬዲዮዎቹ ሲቀሩ ወሬውም ቀረ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱ ከደንበኛዋ የሰማችውን ይዛ የመጣችው። ስፒከር ሱቁን ዘግቶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ልጁ ቤት ሊኖር ነው። በመጪው እሁድ ይሳፈራል።

«ይቅናው» አለ ሶኬት።

«ይቅናው ብቻ?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

ምን ማለት እንዳለበት በደንብ ያውቅ ነበር። ወንድሙ ከሄደ በሕይወት እንደማያየው ያውቃል፤ ሁለቱም በዚህ ዕድሜ የሁለት ቀን መንገድ የሚመላለሱ አይደሉም። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎት ነበር። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አምፕሊፋየሩ ማክሰኞ ጠዋት አልነሳም ያለው።

ሶኬት ወደ ሥራው ገባ። የእሱ ዘዴ ሁልጊዜም አንድ ነው፦ ከግድግዳው ይነሳል፣ አንድም ነገር አይዘልም። «ሲጣደፍ የዘለለ ተመልሶ ይለቅመዋል» ይል ነበር። በመጀመሪያ የሚስቱን ካውያ እዚያው ሶኬት ላይ ሰካው፤ ጋለ። ግድግዳው ደህና ነው። ስፒናውን ፈታ፤ ብሎኖቹ ጠብቀዋል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካው፣ እየለካም እዚህም እዚያም ጎበጥ ቀና አደረገው፤ ውስጥ ውስጡን የተበጠሰ ገመድ ሲያጎብጡት ነውና የሚጋለጠው። ደህና ነው። ፊውዙን አውጥቶ ለብርሃን አየው፤ ክሯ አለች። አይቶ አላመነም፣ እሱንም ለካው። ደህና። ማብሪያውን ለካው፤ ሲጫን ያገናኛል፣ ሲለቀቅ ይለያያል።

ክዳኑን ሲያነሳ የእናቱ የቁም ሳጥን ሽታ ወጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ሽታው አልለቀቀም። ሶኬት ካቻቢቴውን እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ኃይሉን ሰክቶ መዳፉን ትራንስፎርመሩ ላይ አሳረፈ። ስልል ያለ ንዝረት ተሰማው። ቴስተሩን የትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ አኖረ፤ ልክ በጎረምሳነቱ ያሰላውን ያህል ኃይል ይሰጣል። በእጁ የጠመጠመው ሽቦ ነው፣ ደስ አለው።

ደስታው ብዙም አልቆየ። የእሱ ክፍል በሙሉ ጤነኛ ነው። እንግዲያ ችግሩ ያለው ከድንበሩ ወዲያ ነው።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ።

«የእኔ አይደለም።»

 ተነስታ ስልኩን አመጣች፣ ቁጥሩን ራሷ መታችና ጆሮው ላይ ለጠፈችበት። ሊሸሽ አልቻለም፤ ኋላው ግድግዳ ነው።

«አቤት?» አለ የወንድሙ ድምፅ።

ሶኬት ጉሮሮውን ጠረገ። «አምፕሊፋየሩ አልነሳም አለ።»

በዚያኛው በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«የኃይል ነው ወይስ የድምፅ?»

«ኃይሉን አይቼዋለሁ። ጤነኛ ነው።»

«እመጣለሁ» አለ ስፒከር።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ሶኬት በር ሲከፍት አንድ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ትከሻው የጠበበ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ቆሟል። እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ ጠፋቸው። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ልክ ደንበኛና ባለ ሱቅ። ሚስትየው ግን ማንንም ሳትጠብቅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ተቆጣችው።

«አንተ ጨካኝ! እንዲህ እስክትመነምን ድረስ?»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ አላረጀሽም» አላት።

«ዋሽ፣ ዋሽ። ግባ አሁን።»

ያ ሰፈር የሚያደነቁረው ሰው ወሬ አልነበረውም። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ አምፕሊፋየሩን እንደ ታማሚ ዘመድ ከላይ እስከ ታች አየው። ስፒናው መነቀሉን አረጋግጦ፣ ትልቁን ኮንደንሰር ነካ ከማድረጉ በፊት ያጠራቀመውን ኃይል አስወጣ።

«ኮንደንሰር ከተነቀለም በኋላ በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ የነካውን ይመታል» አለ፣ ቀና ሳይል። «አንዳንድ ሰው እንደዚሁ ነው።»

ሶኬት ሳያስበው ሳቀ። ስፒከርም ሳቀ፤ ሳቁ ያው የድሮው ነበር፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው።

ከዚያ የራሱን አገር መፈተሽ ጀመረ። ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካ። ያበጠ ኮንደንሰር ፈለገ፣ የለም። በመጨረሻ ከቦርሳው የራሱን ኃይል መስጫ አውጥቶ በድምፁ ክፍል መግቢያ ላይ አገናኘው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ሶኬት ማጫወቻውን ሲያስነሳው የሸክላው ዘፈን ሳስቶ፣ ግን ጠርቶ ወጣ።

«የእኔ ጤነኛ ነው» አለ ስፒከር።

«የእኔም ጤነኛ ነው።»

«እንዴት ይሆናል? የእኔ ሠርቶ ያንተ ከሠራ ዕቃው ለምን አይሠራም?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ለክቼዋለሁ እኮ!»

«ደግመህ ለካው ጋሼ፣ አንተ ድሮም—»

«ድሮም ምን?»

ሚስትየው የስፌት መኪናዋን ረግጣ አቆመችው። «ኧረ በሕግ! ሁለቱም ጨርቅ ደህና ሆኖ ልብሱ ከተተረተረ የለቀቀው ስፌቱ ነዋ! ምን ያጨቃጭቃችኋል?»

ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ጎንበስ አሉ። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሽቦዎች ወደ ድምፁ ክፍል ከሚገቡት ጋር የሚገናኙበት፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ነበር። ሶኬት ከእሱ መለስ ለክቷል። ስፒከር ከእሱ ወዲያ ለክቷል። መጋጠሚያውን ግን አንዳቸውም አልነኩትም፤ ለእያንዳንዳቸው የሌላው ድንበር ነበር። ስፒከር ፕላስተሩን በምላጭ ተለተለው። ውስጡ ብየዳ የሚባል ነገር የለም። ሽቦዎቹ በጣት ተጠማዝዘው ብቻ ነበር፣ አሁን ዝገው አረንጓዴ ሆነዋል፤ አንደኛው ሲነካ ወለቀ።

«አልበየድከውም?» አለ ሶኬት።

«እኔ? አንተ ፕላስተር ጠቅልለህበት ሳየው በይደኸዋል ብዬ ነዋ!»

«እኔ የጠቀለልኩት አንተ በይደኸዋል ብዬ ነው!»

ተያዩ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ የግቢ ጭፈራ፣ ሠርጉ፣ የልጆቹ ልደት፣ በጣት በተጠማዘዘ ሽቦ ነው የተዘፈነው። ስፒከር መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሶኬት ወንበሩን ይዞ ነው የሳቀው። ሚስትየው፣ «እናንተን ብሎ ቴክኒሻን» አለችና እሷም ጨርቋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች።

ዝገቱን በምላጭ ፋቁት። ሶኬት መበየጃውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንዲህ ሆኗል። ስፒከር አየና ምንም ሳይል ተቀበለው። የእሱ ዓይን ደግሞ ሽቦውን አልለይ አለው። ስለዚህ ሶኬት ሽቦዎቹን በፒንሳ ያዘለት፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ «ትንሽ ወደ ግራ... አሁን፣ አሁን አድርግ» እያለ መራው። የመበየጃው እርሳስ ቀልጦ በመጋጠሚያው ላይ ተንጠፈጠፈ። ያማረ ብየዳ አልነበረም። ጥንካሬው ግን በቂ ነበር።

ሶኬት ስፒናውን ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች፣ ስፒከሮቹ እንደ ድሮው እህ ብለው ጉሮሮ ጠረጉ፣ ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ሶኬት በሐሳቡ ያቺን የድሮ ግቢ አየ፣ እናቱን ወገቧን ይዛ እንደቆመች፣ ይሄ ሽማግሌ ወንድሙ በቁምጣ ሆኖ ሽቦ እየጎተተ ሲሮጥ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!  ሰውየው አጠገቡ ተቀምጦም ናፈቀው።

ዘፈኑ አለቀ። ስፒከር መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ። ሥራው አልቋል፣ ከእንግዲህ እዚህ የሚያቆየው ሰበብ የለም። ሶኬት የቦርሳው ዚፕ ሲዘጋ ሰማ።

«ይሄ ባይበላሽ ኖሮ» አለ፣ ዓይኑን ከአምፕሊፋየሩ ሳያነሳ፣ «ትመጣ ነበር?»

ስፒከር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ። «አልመጣም ነበር» አለ። «አውቶቡሱ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። በመስኮት በኩል ቤትህን አያታለሁ ብዬ፣ በዚህ በኩል ያለውን ወንበር ያዝኩ።»

ሶኬት አንገቱን ደፋ። «እኔም አልጠራህም ነበር» አለ።  «አንድ ብጣሽ ሽቦ ባይለቅ ኖሮ፣ ወንድሜ፣ ሳላይህ ልቀበር ነበር።» እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። «ያን ቀን ያልኩህን...»

«ተወው ጋሼ።»

«አልተወውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተውኩት፣ ምን ጠቀመን? ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅህ ጋ አትሂድ አልልህም፤ ልጅ ልጅ ነው። እስከ እሁድ ግን እዚህ ሁን። እዚህ እደር።»

ሚስትየው ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ስፒከር አንዴ ወንድሙን፣ አንዴ በሩን አየ። ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።